ከታርብ አጠገብ ያለ ተራራ

ጃንዋሪ 11፣ እሁድ

አይደለም! ስሙን ስላልሰማችሁት ቦታው የለም ማለት አይደለም። እናንተን ራሳችሁን ከዚህ ከሎንደኗ ብሪክስተን ወዲያ ማን ሰምቷችሁ ያውቃል?

እንዲህ ነበር ማለት የነበረብኝ። አላልኩም። አሁን አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነው የመጣልኝ... ጥሩ መልስ ሁሌ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ እንደ አውቶቡስ።

ዛሬ ከአምልኮ በኋላ የወጣቶች ስብሰባ ነበር። በፌብሩዋሪ እረፍት ስኪ ልንሄድ ነው። መሪያችን ሳዶቅ (ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ሲያወራ ግን ሰባ) ባለፈው "ቦታ የሚያጠናልን ማነው?" ሲል እጄን አውጥቼ ነበር። ሳቁብኝ። ትምህርት ያቋረጠች ልጅ "እኔ ላጥና" ስትል ያስቃል አይደል? ይሳቁ።

አጥንቼ መጣሁ። እነሱ ግን አልፕስ አልፕስ... ስሙ የገነነ፣ ፎቶው የሚያምር፣ ሰልፉ የማያልቅ።

"ከእናንተ መሃል በረዶ ላይ በስኪ ቆሞ የሚያውቅ ማነው?" አልኳቸው።

አንድ እጅ አልወጣም።

"እንግዲያው ለመውደቅ መቶ ቁልቁለት ምን ያደርግላችኋል? አንድ አይበቃም?"

ቤንጃሚን እንኳን ሳቀ፣ ያ ኮስታራ።

ከዚያ የኔን አወጣሁ። ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ፒሬኒስ ተራሮች። ሆታካም፦ ትንሽ ናት፣ ጸጥ ያለች፣ ለጀማሪ የምትሆን። ቫል ሉሮን፦ ለልጆችና ለፈሪዎች (ሳዶቅን እያየሁ)። ሉዝ አርዲደን፦ ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ለሚኮራ ሰው። ጥሩነታቸው ሰው የማያውቃቸው መሆኑ ነው። ስትወድቅ ቪዲዮ የሚያነሳህ የለም።

እየተዋጠላቸው ነበር። ባይናቸው አየሁት።

"ቅርብ ያለችው ከተማ ማናት?" አለ ሳዶቅ።

"ታርብ።"

በቃ። ትልልቆቹ ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ። ቢታንያ፣ የልብ ጓደኛዬ፣ ስልኳን ማየት ጀመረች። ሳዶቅ ጉሮሮውን ጠረገና "አልፕስ ይሻላል፣ እህቴ" አለኝ።

እህቴ?! መቼ ነው እህቴ ብሎኝ የሚያውቀው? "አንቺ ነገረኛ" ነው የሚለኝ።

ምን ብዬ ነው?

ጃንዋሪ 13፣ ማክሰኞ

እዚህ እንኳን እውነቱን ልጻፍ። ማን ያነበዋል? ቢታንያ የአማርኛ ፊደል አትቆጥርም።

ታርብ ያለው አባዬ ነው። ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። ከማሚ ጋር ከተለያዩ ቆይተዋል። መጥፋት ልማዱ ነው... ስልክ ይቀይራል፣ ወር ሁለት ወር ድምፁ አይሰማም፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ "ዳኒዬ፣ ጠፋሽ እኮ!" ብሎ ይደውላል። እኔ ጠፋሁ! ያሁኑ ግን በዛ። ካለፈው ሜይ ጀምሮ ጭልጥ። በዋትሳፕ ድምፄን እየቀዳሁ ያልሰደብኩት ስድብ የለም። አንድ ግራጫ ቲክ ብቻ። አይደርስም።

በገና ሰሞን ሳየው... ሰማያዊ! ሁሉም! አንድ ሳይቀር ሰምቶታል። አልመለሰም፣ ግን ሰምቷል። ስልኬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ዘለልኩ። ማሚ "ምን ሆንሽ?" ስትል "ምንም" አልኳት።

ኮርቷል ወይ አፍሯል። እሺ፣ እሱ ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ። ሆታካም ከታርብ ሩቅ አይደለም። አንዱን ቀን ሆዴን አመመኝ ብዬ እቀርና ወጥ ቤቱ በር ላይ ተገትሬ እጠብቀዋለሁ። "እንዴት ነህ ሞሲዮ ካሳዬ፣ ጠፋህ እኮ።"

ፊቱን ማየት ነው የምፈልገው። በረዶው ምርቃት ነው።

ጃንዋሪ 14፣ ረቡዕ

ሳዶቅ ለማሚ ተናግሯል። ወሬኛ!

ከሥራ ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ "ፈረንሳይ የሚባል ነገር የለም!" አለችኝ።

"አልፕስም እኮ ፈረንሳይ ነው፣ ማሚ።"

"እሱ ሌላ ነው!"

"ትምህርት ያቋረጥኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

ጫማ እስኪወረወርብኝ ጠበቅኩ። በሩን ሁሉ አይቼ ነበር፣ ለመሮጥ። እሷ ግን... ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ድምፅ ሳታሰማ። እናቴ ኂሩት! አውቶቡስ ውስጥ ሰካራም የምትገስጸው ኂሩት!

ለአንድ ተራራ?

ደንግጬ ሻይ አፈላሁላት። አልጠጣችውም።

ጃንዋሪ 17፣ ቅዳሜ

አሸነፍኩ!! ግሩፑ ላይ ድምፅ ተሰጠ። ትንንሾቹን አንድ በአንድ ደውዬ አሳምኛቸዋለሁ፦ "አልፕስ ብትሄዱ የሚያስተምራችሁ ሳዶቅ ነው" እያልኩ። ሆታካም አለፈች።

ሳዶቅ ጻፈ፦ "በሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ ቡክ አደርጋለሁ። እስከዚያ እናስብበት።" ምኑን ነው የምናስበው?

ሰኞ ሆቴሉ ጋ ደውዬ ፌብሩዋሪ ላይ ሥራ እንደሚገባ ቼክ አደርጋለሁ። ደክሜ ሄጄ እረፍት ላይ ቢሆንስ?

ጃንዋሪ 19፣ ሰኞ

አባዬ ሞቷል።

ጃንዋሪ 20፣ ማክሰኞ

ትናንት ከዚያች በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ደወልኩ። አንድ ሰውዬ አነሳ። ስለማመዳት የነበረችውን ፈረንሳይኛ ይዤ "ካሳዬ... ወጥ ቤት... እኔ ልጁ" አልኩ። የተቋረጠ መስሎኝ "አሎ? አሎ?" እላለሁ።

"ማድሟዜል" አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ "ኢል ኤ ሞር።"

ይቺን ለመረዳት ጎግል አያስፈልግም።

ከዚያ በስብርባሪ እንግሊዝኛ ነገረኝ። ሜይ ላይ። ልቡ። ሥራ ላይ እንዳለ ወደቀ። ጥሩ ሰው ነበር አለ። እዚያው ከተማ ነው የተቀበረው።

"ማን ቀበረው?" አልኩ።

"ሚስቱ መጣች። ከሎንደን።"

ሚስቱ? አባዬ ሎንደን ምን ሚስት... እ?

ሜይ ላይ ማሚ "ለሥራ ስልጠና" ብላ ማንቸስተር ሄዳ ነበር። ስትመጣ ዓይኗ አብጦ "ሆቴሉ ውስጥ አቧራ ነበረ" አለችኝ። አቧራ!

በሩን ስትከፍት ቆሜ ጠበቅኳት። "አባዬ ሞቷል ወይ?" አልኩ።

ምን አለች መሰለህ፣ ደብተሬ? "አይ" አላለችም። "አዎ" አላለችም።

"ማን ነገረሽ?"

መጀመሪያ ያለችው እሱን ነው። ማን ነገረሽ! እኔ ጮህኩ፣ እሷ ጮኸች፣ የታች ቤት ሰዎች ጣሪያ መቱ።

"ፈተና ላይ ነበርሽ! ጂሲኤስኢሽን እስክትጨርሺ ብለን ነው!"

"በሦስተኛው ፈተና ጥዬ ወጣሁ እኮ!"

"ጥለሽ እንደምትወጪ ማን አወቀ? ከዚያ ትምህርቱን ተውሽው። አሁን ብነግራት ጭራሽ ትጠፋብኛለች አልኩ። ኮሌጅ ስትገባ እነግራታለሁ አልኩ። አልገባሽም። ገና ይለፍ አልኩ..."

"ሰማያዊውስ? በገና መልእክቶቼን አይቷል!"

ያኔ ነው ድምጿ የሞተው። ስልኩ እሷ መሳቢያ ውስጥ ነው። ባትሪ ሞልታ ከፈተችው፣ ፎቶዎቹን ልታወጣልኝ። የኔ ድምፆች ተግተልትለው ገቡ። አንድ በአንድ ሰማቻቸው።

"በሱ ስም ልመልስልሽ አሰብኩ" አለች። "‘ዳኒዬ’ ብዬ ጀመርኩ። እጄ እምቢ አለኝ።"

ጃንዋሪ 21፣ ረቡዕ

የማይታመን ነገር። ዛሬ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። የአባዬ ታላቅ እህት፣ አክስቴ እህተማርያም ከሃክኒ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ፓስተር ከኋላዋ። ሳዶቅ ከፓስተር ኋላ፣ ጫማውን እያየ።

ሊያረዱኝ ነው የመጡት! ያወቅኩትን!

"ልጄ፣ ቁጭ በይ" አለኝ ፓስተር።

"አውቃለሁ ፓስተር። ሰኞ ከፈረንሳይ ሰምቻለሁ። ቢዘገዩም አመሰግናለሁ።"

"ዳናዊት!" አለች ማሚ።

"ምን? ልጩህ እንደ አዲስ? እትዬ፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?"

አክስቴ አልተቆጣችኝም። "ቢሆንም ቁጭ በይ፣ የኔ ልጅ" አለችኝ። "እንደ ተላላኪ በስልክ የተነገረሽ አይቆጠርም። አባት በወግ ነው የሚረዳው።"

ቁጭ አልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ፓስተር ጸለየ። አክስቴ እጄን ይዛ "ወንድሜ ካሳዬ አረፈ" አለች፣ ደረቷን መታች... ከሰኞ ጀምሮ አንዲት ጠብታ ያልወጣኝ እኔ ያኔ ወለሉ ላይ ተዘረገፍኩ።

በጣም ያናደደኝ መሥራቱ ነው። ይሄ ነገር የሚሠራ ከሆነ ሜይ ላይ ለምን አላደረጉትም?

ጃንዋሪ 22፣ ሐሙስ

አሁን ገባኝ። አሁን!

ጁን ላይ አክስቴ ቤት ልቅሶ ሄደን ነበር። "ጎንደር ያለ የሩቅ ዘመድ ነው" አለችኝ ማሚ። እንግዳው በዛና "ተነሺ እርጂ" ተባልኩ። ሻይ ቀዳሁ። ቆሎ አዞርኩ። ሴቶቹ ሲያዩኝ ልቅሶው ይብስባቸዋል፣ አንዷ ትሪውን እንደያዝኩ አንገቴ ስር ገብታ አነባች። እኔ ለቢታንያ "እነዚህ ሰዎች ሻይ ሲያዩ ያለቅሳሉ እንዴ?" አልኳት። እሷም ሳቀች።

የአባቴ ልቅሶ ላይ አስተናጋጅ ነበርኩ። ቀልጄበታለሁ።

ቢታንያ ዛሬ ደወለች። "ማሚሽ አስምላን ነው" አለች። "ስትቀልጂ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።"

ዘጋሁባት። መልሼ ደወልኩላት። ዘጋችብኝ። መልሳ ደወለች። ሁለታችንም አልዘጋንም።

ጃንዋሪ 23፣ ዓርብ

ሳዶቅ፦ "ዳኒ፣ ከፈለግሽ አልፕስ እናድርገው። ቅር የሚለው የለም። ወይ እንሰርዘው።"

አሁን ነው የሚያስበው! አልመለስኩለትም። ካርታውን ከፍቼ ሳየው ዋልኩ። አልፕስ በዚያ ማዶ፣ ፒሬኒስ በዚህ ማዶ። ቫል ሉሮን ከታርብ ይርቃል። ሉዝ አርዲደንም እንደዚያው። ሆታካም ቀረብ ይላል። የበፊቱ መልሴ ምንም አልተቀየረም። ከታች የሚጠብቀኝ ነው የተቀየረው።

ለሰውዬው መልሼ ደወልኩ። መቃብሩ የት ጋ ነው አልኩት። እሱ በቀብሩ ቀን ሥራ ላይ ነበር። አያውቀውም። ድንጋይም ገና አልተደረገለትም ይባላል አለ።

ስለዚህ የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው።

ጃንዋሪ 24፣ ቅዳሜ

ማሚ፣ ይሄ ላንቺ ነው። ደብተሩን ትራስሽ ላይ የተውኩት አውቄ ነው። ከመጀመሪያው አንብቢው። ስለ አንቺ የጻፍኩትን አልሰረዝኩም። እኔ የናንተን ድብብቆሽ አልጫወትም።

ወደ አክስቴ፣ ሃክኒ እየሄድኩ ነው። አልጠፋሁም። የት እንዳለ እየተናገረ የሚጠፋ ሰው አለ?

ለሳዶቅ ዛሬ ጠዋት ነግሬዋለሁ፦ ሆታካም ነው፣ አይቀየርም። እነሱ ስኪያቸውን ይንሸራተቱ፣ እኔም ሁለት ቀን ልሞክር፣ እወድቃለሁ፣ ግድ የለም። አንዱን ቀን ግን ታርብ ነው። ትልቅ ሰው አብሮን ቢሄድ ደስ ይለኛል ብሏል። ላንቺ አንድ ቦታ አስይዤልሻለሁ። ማታ ቡክ አድርጎ ይዘጋዋል።

ብቻሽን ቀበርሽው። እኔ ስልጠና ላይ ናት ብዬ ቲቪ ሳይ አንቺ እዚያ ብቻሽን ቆመሽ ነበር። ይሄ እንቅልፍ ነስቶኛል። ደግሞም ተናድጄብሻለሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አያስወጣውም። ልቆጣሽ እፈልጋለሁ፣ ግን እዚያ ሆነን፣ እሱ ባለበት።

ካለኔ የሄድሽበትን መንገድ አብረሽኝ ሂጂ። የትኛው መቃብር እንደሆነ በጣትሽ አሳዪኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ኮሌጅ የምትይውን ሁሉ እሰማለሁ። እሰማለሁ ነው ያልኩት፣ እገባለሁ አላልኩም።

"እሺ" በይኝ ወይ "አልችልም" በይኝ። ግን ባፍሽ። ፓስተርን አትላኪ። ሳዶቅን አትላኪ። አክስቴንም "ቀስ ብለሽ ንገሪያት" አትበያት፣ አጠገቧ ነኝ፣ እሰማለሁ። ቀኑ እስኪመች አትጠብቂ፣ የሚመች ቀን የለም።

ራስሽ ደውይ። ዛሬ። ሳይመሽ።