ቮልሷን ማን ይጎትታት?

ጥር 13፣ ከሰዓት

ዛሬም ላንድክሩዘሩ ሥር። ጀርባዬ አፈር፣ እጄ ግራሶ። የኋላውን ሻንሲ በክንድ ለካሁ፣ በሜትር ለካሁ፣ ሁለቱ አልተስማሙም። ከአሁን ወዲያ ላ.ክ. እያልኩ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ፤ ዓምድሽ ጠባብ ነው። ለኪሎ ሜትርና ለነዳጅ መመዝገቢያ የተሠራሽ ነሽ። ቱሪስት ሲጠፋ የምመዘግበው ኪሎ ሜትር ጠፋ፤ እንግዲህ ጣጣዬን ቻይው።

ጣጣው ይኼ ነው። እህቴ እታገኝ፣ እኔ እታ የምላት፣ የካቲት 8 አዲስ አበባ የመኪና ውድድር አለባት። የምትወዳደርባትን ቮልስ እዚሁ ላሊበላ፣ ከአባታችን በቀረው ጋራዥ፣ በገዛ እጇ ነው የሠራቻት። ቮልሷ ግን መንገድ ላይ አትነዳም። መብራት የላት፣ የተሳፋሪ ወንበር የላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ አራት ጣት ነው የቀረው። ወይ በተሳቢ ተጎትታ ወይ ተጭና መሄድ አለባት። እታ መንገድ የምታውቀው አንተ ነህ፣ የሚጎትተውንም የሚሸከመውንም አንተ ምረጥ አለችኝ።

አንድም የኔ ላ.ክ. አለ። አንድም ፍላቂት ከተማ ያለው የአክስቴ ልጅ የካሱ ፒካፕ። አንድም የኮን ከተማው ገብስ ነጋዴ አይሱዙ። ጠዋት አንዱን እመርጣለሁ፣ ምሳ ሰዓት ሌላውን፣ አሁን የትኛውንም። ሃያ አምስት ቀን ቀርቷል።

ጥር 15፣ አመሻሽ

ፍላቂት ደርሼ ተመለስኩ። በሚኒባስ፣ ጉልበቴ አገጬ ሥር። ካሱ ፒካፑን አጥቦ ሙሽራ አስመስሎ ጠበቀኝ። ሞተሩ ጥሩ። ፍሬኑ ጥሩ። ጎማው አዲስ። ባሌስትራው፣ ጭነቱን የሚሸከመው ብረት፣ ግን ለሰሰብኝ፤ ኋላው ላይ ብቀመጥ ዝቅ አለ። ካሱ ሳቀብኝ፣ በግ ሊገዛ መጥቶ ላት የሚዳብስ ሰው መሰልኩት። ተሳቢ ምን ያደርግላችኋል፣ በገመድ አስራችሁ ጎትቷት አለ። በገመድ! ከላሊበላ አዲስ አበባ!

ቤት ገብቼ ሳስበው፣ ከገመድ የብረት ዘንግ አይሻልም? ስልኬ ላይ ቪዲዮ አየሁ። አንዱ ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ቀላል ነው ይላል። ሌላው ሁለት አክስል ከሌለው ሞት ነው ይላል። ሦስተኛው የራሱ ፍሬን ይኑረው ይላል። ሦስቱም የተማሩ ይመስላሉ። ማንን ልመን?

አምና እታ አዲስ አበባ በሰው መኪና ስትለማመድ ተገለበጠች። የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። ሄጄ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ በሠላሳ ኪ.ሜ. እየነዳሁ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ከንፈሯን ስትነክስ እያየሁ። ይኼን አሁን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ስለ ባሌስትራ ነበር የማወራሽ።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

የኮኑ ነጋዴ ገብስ ጭኖ ለገበያ መጣ። አይሱዙውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ከሁሉም የሚያዋጣው ይኼ ነው መሰለኝ። ተሳቢ አያሻ፣ መንጠቆ አያሻ። የአፈር ቁልል ጋ በጀርባው ማስጠጋት፣ ቮልሷን ገፍቶ ካሶኒው፣ ጭነት መጫኛው ላይ ማስገባት፣ ማሰር፣ በቃ። ሰውየው እሺ አለ። እታ ደስ አላት።

ከዚያ እኔ አፌን ከፈትኩ። ካሶኒው ይጠባታል አልኩ። ለካን፤ አልጠበባትም። መንገድ ላይ ሌላ ጭነት ይጨምርባታል አልኩ። ሰውየው ተቆጣ። "እኔ ገብስ እንጂ ተንኮል አልጭንም!" ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ሄደ።

እታ እጇን በጨርቅ ስትጠርግ ቆየች። ምን ነካኝ? ሰውየውን እኮ አምነዋለሁ።

ጥር 18

ሰይድ በያጁ ጋ ዋልኩ። ጠዋት ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ሥራልኝ አልኩት። ረፋድ ላይ ሁለት አልኩት። ምሳ በልቼ ስመለስ ስለ አንዱ እንደገና ጠየቅሁት። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና፦ "ወላሂ ማሩ፣ ሚስት ስታገባ እንኳ እንዲህ አላመነታህም።" እውነቱን ነው፣ ያኔ አንድ ቀን አልፈጀብኝም።

በመጨረሻ እታ መጥታ ቆረጠችው። ሁለት አክስል፣ ከተጣለ ፒካፕ የተፈታ፤ የሚጎትተው ላ.ክ.፣ የሚነዳው እኔ። የሰፈሩ ሰው በአነዳዴ ቀብር አጃቢ ነው የሚለኝ። እታ ለዚህ ሥራ ደግሞ ቀብር አጃቢ ነው የሚያስፈልገኝ ብላ ሳቀች። ሰይድም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ተወሰነ እኮ። ታዲያ ለምን አልቀለለኝም?

ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም

ሰይድ ትናንት ማታ ጨርሶ ነበር። ዛሬ ባዶውን ተሳቢ ይዤ ለሙከራ ወጣሁ፤ ብቻዬን፣ በዝግታ፣ ድምፁን ለማዳመጥ። ማን ያስደምጠኛል! ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሕዝብ አየኝ። አንዲት እናት አሳፍረኝ ብለው መንገዱ መሀል ቆሙ። አይሆንም እናቴ፣ ይኼ የመኪና መጫኛ ነው አልኳቸው። "ባዶውን ሄዶ ምን ሊያደርግልህ ነው አንተ?" ወጡ። ልጆቻቸው ወጡ። ከዚያ ማን እንደወጣ አላውቅም፤ ስመለስ አሥራ አንድ ሰውና ሁለት በግ ቆጠርኩ።

ተሳቢው ግን ቻለው። ቀጥ ብሎ ተከተለኝ። ሁሉም መረቁኝ፣ መንገድህን ያቅናልህ አሉኝ። አሜን አልኩ።

ጥር 23

ቮልሷን ጫንናት። እታ በየት በኩል ትግባ አለች። ፊቷ ወደ መንገዱ ይሁን፣ መኪና ኋሊት አይሄድም አልኩ። እሺ አለች። አሰርናት። ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ወጣን፣ እታ ከጎኔ።

በሠላሳ ደህና። በአርባ ደህና። ቁልቁለቱ ላይ ሃምሳ ስገባ የተሳቢው ጭራ መወዛወዝ ጀመረ። መጀመሪያ ትንሽ። ከዚያ ላ.ክ.ን ጭምር እየጎተተ፣ ወደ ገደሉ፣ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ገደሉ። እታ ፍሬን አትርገጥ፣ ነዳጁን ልቀቅ ትላለች። ለቀቅሁ። ቀስ እያለ ቆመልን። ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

አሁን አንቺ ብቻ ስሚ። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ደስ አለኝ። በቃ፣ አይሆንም፣ ቀረ ብዬ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥር 24፣ እሁድ

ዘንድሮ ይቅርብሽ አልኳት። ተሳቢው አደገኛ ነው፣ በዓይንሽ አየሽ አልኳት። ለሰዓት ያህል ምክንያት ደረደርኩ። አልተከራከረችኝም። ቮልሷ ሥር ገባች። ከዚያ ሥር ሆና፣ ፊቷን ሳላየው፦ "እንድቀር ከፈለክ ቅሪ በለኝ። በብረቱ አታሳብብ።"

አይደለም አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ለምን ጮህኩ?

ጥር 26፣ ነነዌ

አባ ሞላ መጡ። የአባታችን ወንድም ናቸው፣ ነአኩቶ ለአብ የሚያገለግሉ ቄስ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ተሳቢው መወዛወዙን ሰምተው በጾም አንጀታቸው በእግር መጡ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዘው። መጀመሪያ ረጩልን። ከዚያ ተሳቢውንም ቮልሷንም ዳር እስከ ዳር በእጃቸው ዳበሱ። የከበደው ወዴት ነው ብለው ጠየቁ። እታ ሞተሯ ከኋላ ነው አባ አለቻቸው።

"ታዲያ ምነው ልጆቼ? አህያን እህሉን በስተቂጧ ብትጭኑባት ቁልቁለት ትወርድላችኋለች? የከበደውን ወደ አንገቷ አምጡላት እንጂ።"

እታ ግንባሯን መታች። ለካ የቮልሷ ኋላ ነበር ወደ ላ.ክ. መዞር የነበረበት። ፊቷ ወደ መንገዱ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ገፍተን አወረድናት፣ አዙረን ጫንናት። ያንኑ ቁልቁለት ወረድኩ። አርባ። ሃምሳ። ስልሳ። ተሳቢው እንደ ጥላ ተከተለኝ። እታ አባ ሞላን ጉልበታቸውን ሳመች።

እኔ አባ ሞላ ላይ ተናደድኩ። ቄስ ላይ፣ በነነዌ ጾም። ማን መካሪ አደረጋቸው! አሁን የቀረኝ ሰበብ ስኮርታ ጎማ ብቻ ነው፣ እሱንም ሰይድ አግኝቷል።

የካቲት 1፣ እሁድ

ዋሸሁ።

ማክሰኞ መነሻችን ነበር። እታ ልብሷን እያጣጠፈች መንገዱ እንዴት ነው አለችኝ። ከገሸና ወዲያ ተዘግቷል አልኳት። እንዲሁ ወጣ፣ ሳላስበው። እዚህ አገር መንገድ ተዘጋ ሲባል ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ስንቴ ተዘግቶብናል። መቼ ይከፈታል ብቻ አለች። እንጃ አልኩ። ሻንጣዋን ከፈተች። ልብሷን አንድ በአንድ መልሳ ሰቀለች።

ማንንም ሄዳ አልጠየቀችም። ሰው ሁሉ ስለ መንገድ የሚጠይቀው እኔን ነው። ደብተሬ፣ ይኼን ስጽፍ አጠፋዋለሁ ብዬ ነበር። አላጠፋሁትም።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

አባ ሞላ ዛሬ ወልድያ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። አላውቅም ነበር፤ ወልድያም የሚኬደው በገሸና ነው። ወራት የጠበቁት ቀጠሮ። ጠዋት ቤታቸው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው፣ አዲሱን ነጠላቸውን ለብሰው። ምነው አልሄዱም አባ አልኳቸው። እታገኝ ነገረችኝ፣ አንተ ተዘግቷል ካልክማ ተዘግቷል አሉኝ። እግዜር ሲፈቅድ እሄዳለሁ አሉ። ከዚያ ድካሙ እንዳይጎዳህ ተቀመጥ አሉኝ።

መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ፣ ነገርኳቸው። ራሴን ዳበሱኝ። ለእኔ አትንገረኝ፣ ሂድና ለእሷ ንገራት አሉ።

ጋራዥ ሄድኩ። ነገርኳት። ሁሉንም፤ አይሱዙውን፣ ድንጋዩ ላይ የተሰማኝን ደስታ፣ መንገዱን። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። እጇ ላይ የነበረውን መፍቻ አስቀመጠች። አባ ሞላ በአንተ ወሬ ነው የቀሩት? አለችኝ። አዎ። ስለ ራሷ ምንም አላለችም። አለቀስኩ፣ ትልቅ ሰው፣ ጎማ ላይ ተቀምጬ።

ወልድያ ሐኪም ቤቱ ስልክ ደወለች። ሐኪሙ ሐሙስም ያያል አሉ። ሐሙስ እንነሳለን፣ አባ ሞላን ወልድያ አድርሰን እናልፋለን አለች። መሪው የኔ ነው አለች። አንተ ከፈለክ ትመጣለህ።

ልሂድ? ምን ፊት አለኝ? ባልሄድስ ቤት ቁጭ ብዬ ምን ላስብ ነው?

የካቲት 5፣ ረፋድ፣ ዲልብ ቁልቁለት አፋፍ

የምጽፈው ከተሳፋሪው ወንበር ነው። እታ ከላሊበላ እስከዚህ ነዳች። አባ ሞላ ከኋላ ዳዊት ይደግማሉ፣ በቃላቸው። ተሳቢው ቀጥ ብሎ እየመጣ ነው። ከመታጠፊያ በፊት ቀድማ ታበርዳለች፣ መስታወቱን አዘውትራ ታያለች፣ ከባድ መኪና ሲመጣ ዳር ትይዝለታለች። አንድም ስህተት አላገኘሁባትም፤ ፈልጌ ነበር። እግሬ ግን ወለሉን እየረገጠ መጣ፣ የሌለ ፍሬን። አይታኛለች።

ከማክሰኞ ወዲህ የምታናግረኝ ስለ ማሰሪያና ስለ ጎማ ንፋስ ብቻ ነው።

እዚህ አቆመች፣ ፍሬኑ ይብረድ ብላ። ወርዳ የቮልሷን ማሰሪያዎች አንድ በአንድ ጎተተች። ከዚያ በመስኮቴ በኩል ቁልፉን ዘረጋችልኝ። ቁልቁለቱን የምታውቀው አንተ ነህ፣ ከፈለክ አንተ አውርዳት አለች። ከልቧ ነው፣ ፊቷን አየሁት። ቁልፉን ተቀበልኩ። ጨበጥኩት።

ፈርቻለሁ እታ አልኳት። እንደገና እንዳትሰበሪ ፈርቻለሁ። በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው።

"እኔስ አልፈራም ብሎ ማን ነገረህ፣ ወንድም ዓለም?"

እኔ እኮ አትፈራም ብዬ ነበር። ዓመት ሙሉ ያንን ሁሉ ብረት እየፈራች ነበር የበየደችው። ትከሻዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ፣ እኔ ደግሞ ባሌስትራ ስለካ።

ቁልፉን እጇ ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። አዲስ አበባ ድረስ አንቺ ንጂ አልኳት። እሁድ መወዳደሪያው ዳር እቆማለሁ፣ ዓይኔን አልጨፍንም።

ሞተሩ ተነሳ። አባ ሞላ አማተቡ። ወደ ቁልቁለቱ ገባን፣ መኪናው እየነቀነቀኝ ጽሑፌ መስመር አልይዝ አለ፣ እታ ደብተሩን ተወውና ተሳቢውን በመስታወት እይልኝ እያለችኝ ነው። እሺ፣ ልዝጋሽ።