ላልቶ ይነበብ፦ የአቶ ክንፈሚካኤል ታከለ የሕይወት ታሪክ

አቶ ክንፈሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ታከለ ወልዴና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ማርያም ሥዩም በ1943 ዓ.ም. በቡሬ ዙሪያ፣ ጉልት ጊዮርጊስ በሚባል ቦታ ተወለዱ። በልጅነታቸው ቅኔ ተምረዋል፤ ቀጥሎም በፍኖተ ሰላም ዘመናዊ ትምህርት ተከታትለው መምህር ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. ከወ/ሮ እታለም ናሁሰናይ ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች ወልደዋል።

በ1984 ዓ.ም. ሕዝቡ ለአካባቢው ምክር ቤት መረጣቸው፤ አፈ ጉባኤም ሆኑ። ሚያዝያ 27 ቀን 1987 ዓ.ም. ለአርበኞች በዓል ንግግር ጻፉ። ጉንፋን ድምፃቸውን ስለዘጋው ግን ያነበበላቸው ሌላ ሰው ነበር። በጣሊያን ጊዜ እናታቸውና ጎረቤቶቻቸው በሶ ተሸክመው ዓባይ በረሃ ድረስ ለአርበኞች ስንቅ ያደርሱ ነበርና፣ በእነዚያ ሴቶች አፍ “ስንቅ ያቀበልነውን እኛንም አርበኞች በሉን” ብለው ጽፈዋል። አርበኞች ብላችሁ ጥሩን ማለታቸው ነው። አንባቢው “ሉ”ን አጠበቀው፤ አርበኞች የበሏቸው ሆነ። ሕዝቡ አጉረመረመ። አቶ ክንፈሚካኤል ተነሥተው እጃቸውን ቢያወናጭፉም ድምፅ አልወጣቸውም። በማግስቱ ቢያስረዱም “ቅኔ የተማረ ሰው ሳያስበው አይናገርም፤ ወርቁ ይኸው ነው” ተባሉ። ከአፈ ጉባኤነታቸው ተነሡ። የአርበኞቹ ሊቀ መንበር ግራዝማች ቢሆነኝ ደጃቸውን መርገጥ ተዉ።

በ1990 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጸናባቸው። ወ/ሮ እታለም ቀባሪ እንዳይጠፋ፣ ልጆቻቸውም አርበኛ የሰደበ ሰው ልጆች ተብለው እንዳይቀሩ ሰጉ። ስለዚህ የንግግሩን ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ግራዝማች ቤት ሄዱ። ውሻ ይለቁብኛል ብለው ነበር። ግራዝማች መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት፤ “ላልቶ ኖሯል እንዴ?” አሉ።

በማግስቱ በቅሎ አስጭነው መጡ። ወ/ሮ እታለም በሽተኛውን ሊረግሙ የመጡ መስሏቸው በሩ ላይ ቆሙ።

“ዘወር በይ እታለም፤ ጉዳዬ ከሱ ጋር ነው” አሏቸው። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠውም፣ “አንተ ክንፈ፣ እናትህን አልበላናትም። በሶዋን ግን በልተናል፤ ያውም ጨው እየጎደለው! ይቅር በለኝ ልጄ” አሉ። አቶ ክንፈሚካኤል እስኪያስላቸው ሳቁ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን፣ ግራዝማች ራሳቸው የወ/ሮ አስካለ ማርያምን ስም ከአርበኞች ስም ጋር ጠሩ። ይህ አልጋቸው ላይ ሳሉ ሲነገራቸው አቶ ክንፈሚካኤል “አሁን ልረፍ” አሉ። ግንቦት 9 ቀን 1990 ዓ.ም. በተወለዱ በ47 ዓመታቸው ዐረፉ።

ልጆቻቸው ቴዎድሮስ፣ ያምሮትና ሠርክአዲስ፣ ባለቤታቸውም ወ/ሮ እታለም ዛሬ በሐዘን ላይ ናቸው። ቀባሪ ግን አልጠፋም፤ አርበኞቹ አስከሬናቸውን በፉከራ አጅበው አምጥተዋል፣ የቤተ ክርስቲያኑም ግቢ ጠቦናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ቤታቸውንም በመጽናናት ይጎብኝልን።