ሰባት ሳንቲ ሜትር አድጓል ስለተባለው ቤታችን

ለግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥቅምት 14
ጉዳዩ፦ የማፍረሻ ትእዛዙ እንዲነሳልን ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ከአዲሱ ሕንፃችሁ አጥር ጎን ከወላጅ እናቴ ጋር የምኖር፣ ሃያ ሰባት ዓመት የመሠረት ምሰሶ ሳስቆፍር የኖርኩ ፎርማን ነኝ። ባለፈው ሳምንት በራችን ላይ የተለጠፈው ትእዛዝ፣ ቤታችን ያለ ፈቃድ ሰባት ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ስለተገነባ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲፈርስ ይላል። የተጨመረው ሰባት ሳንቲ ሜትር የትኛው እንደሆነ መለየት ስላልተቻለም ቤቱ በሙሉ ይፍረስ ተብሏል። ለእናቴ ሳነብላት፣ «አርባ ዓመት የኖርኩበት ቤት እኔ ሳላየው መቼ ነው ያደገው?» አለችኝ። በማግስቱ ዕቃ መሸከፍ ጀመረች።

1. ለካ የእናንተ ባለሙያ ቤታችንን የለካው በሕንፃችሁ ግድግዳ ላይ ከተመታች ሚስማር ተነስቶ ነው። አምናም ከእሷው፣ ዘንድሮም ከእሷው። ሕንፃው ሲሰምጥ ሚስማሯም አብራ ትወርዳለች፤ ባለበት የቆመው የእኛ ቤት ያደገ ይመስላል። ጥፋታችን ባለንበት መገኘታችን ነው።

2. ይህን የምለው ከሐሜት ተነስቼ አይደለም። የሕንፃችሁን ሃያ አምስት የመሠረት ምሰሶዎች ያስቆፈርኩት እኔው ነኝ። አንዱን ለብቻው ጭነን ስንፈትነው የሰመጠው ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለነበር ተጨበጨበ። እኔ ግን ምሰሶዎቹ በጣም ተጠጋግተዋል፣ አንዱ የሚጫነው አፈር የጎረቤቱም አፈር ነው፣ ከሥር ያለውን ለስላሳ ጭቃ ሁሉም ባንድነት ሲጫኑት የአንዱ ልክ አይሠራም ብዬ ተናግሬ ነበር። ፍራሽ እንኳ አንድ ሰው ሲተኛበትና ቤተሰቡ በሙሉ ሲሰፍርበት እኩል አይጎደጉድም። መሐንዲሱ፣ «አንዱ ሦስት ሚሊ ሜትር ከሰመጠ፣ ሃያ አምስት ሆነው ሲጋገዙማ ጭራሽ አይሰምጡም» አለኝ። ሐሳቡ በቃለ ጉባኤ ጸደቀ፤ አፈሩ ግን በስብሰባው አልተገኘም። እኔም ወደ ሌላ ሥራ ተዛወርኩ።

3. ዛሬ ዘበኛችሁ ዋናውን በር በትከሻው ካልገፋው አይከፈትም። ከመግቢያው ደረጃዎችም አንዱ መሬት ውስጥ ገብቷል። አቤት ልል ስመጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ከጠረጴዛው እየተንከባለለ የሚወርደውን እስክሪብቶ በአንድ እጇ እየያዘች፣ ሕንፃው ምንም እንዳልሆነ ነገረችኝ። መስተንግዶዋ ግን መልካም ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ቤቱን አባቴ በእጁ ነው የሠራው፤ እናቴም ሌላ መግቢያ የላትም።

ስለሆነም ትእዛዙ እንዲነሳልን፣ ልኬቱም ከሕንፃችሁ ርቆ ከመንገዱ ጫፍ ካለው የውሃ ታንከር መሠረት ተነስቶ እንዲደገም በትሕትና አመለክታለሁ። ይበልጥ የሰመጠው የእርስዎ ቢሮ ያለበት ማዕዘን ስለሆነ፣ ሕንፃው እስኪመረመር ሠራተኞቹን ይዘው ቢወጡ ይሻላል። መሥሪያ ቦታ ካጣችሁ እናቴ፣ «የሰው ልጆች ናቸው፣ ሳይወድቅባቸው ይምጡ» ብላ ሳሎኑን ለቅቃላችኋለች። በትእዛዛችሁ መሠረት ቤቱ ሊፈርስ ገና ስምንት ቀን ስለሚቀረው፣ እስከዚያ ድረስ ያለ ስጋት ልትሠሩበት ትችላላችሁ።

ካልተነቃነቀው ቤት፣ ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
ጎረቤታችሁ፣ የምሰሶ ፎርማኑ