በማያ ገጹ ቀኝ ጥግ ስለነበረችው ሴት

ለሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያው ወደ ግል ይዞታ ማዛወሪያ አጥኚ ኮሚቴ
ለተከበሩ ሰብሳቢ

«በስልክ በተደረገ የተመልካቾች ዳሰሳ የምልክት ቋንቋ ትርጉም እጠቀማለሁ ያለ አንድም ተመልካች ባለመገኘቱ፣ ጣቢያው ለገዢዎች ከመቅረቡ በፊት አገልግሎቱ እንዲቋረጥ ተወስኗል።»

ክቡር ሰብሳቢ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለኮሚቴው አባላት በሙሉ ጤና፣ ረጅም ዕድሜ፣ በተለይም የማይደክም ጆሮ እመኛለሁ። ከላይ ያሰፈርኩት ቃል ከመግለጫችሁ ገጽ አሥራ አራት የተወሰደ ነው፤ ነጠላ ሰረዙን እንኳ አልነካሁም። ስታትስቲክስ የተማርኩት ከሠላሳ ዓመት በፊት ስለሆነ አዲስ ስልት አምልጦኝ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ስልክ ደውሎ «መልስ የሰጠ የለም» ብሎ መደምደም በእኛ ጊዜ አይሰጥም ነበር። ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ።

አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ታላቅ እህቴ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። ልብስ ሰፊ ናት። ቴሌቪዥኑ የተሰቀለው ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት ነው። ላለፉት አሥራ ስድስት ዓመታት ዜና ሲጀምር፣ አስተርጓሚዋ ሴት በቀኝ ጥግ ብቅ ስትል፣ የእህቴ እግር ከመርገጫው ላይ ይነሳ ነበር። ጉንጯን በጣት ነካ አድርጋ «ማርያም የሳመቻት መጣች» ትለናለች። ሰፈሩ ውስጥ ወሬ ቀድሞ የሚገኘው ከእሷ ዘንድ ነበር። ሴትዮዋ ከጠፋች ወዲህ መኪናው በዜና ሰዓትም አያቆምም።

2. ባለፈው ወር የሰፈራችን ውሃ ስለተበከለ ሳይፈላ እንዳይጠጣ ጣቢያችሁ በተደጋጋሚ አስታውቋል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። እህቴ ማስታወቂያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትላለች። ያየችው ከቧንቧ ኩልል እያለ የሚወርድ ውሃ ነው። «ውሃ መጣ» የተባለ መስሏት ባልዲውንም ድስቱንም ሞላች፤ ለጎረቤት ጭምር በምልክት አበሰረች፤ እሷም ጠጣች። ከሥራ ስመለስ አልጋ ላይ አገኘኋት። አራት ቀን ተኛች።

3. ይህንኑ ይዤ መሥሪያ ቤታችሁ ስመጣ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው በትሕትና ተቀብሎኝ፣ «ጋሼ፣ እህትዎ ከሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ ብታነበው ምን አለበት?» ሲል መከረኝ። ምክሩ መልካም ነው፤ የዘገየው ሃምሳ ዓመት ብቻ ነው። እህቴን «እዚህ የሚማረው የሚሰማ ነው» ብሎ ከበር የመለሳት ትምህርት ቤት እኔን ተቀብሎ እስከ ዩኒቨርሲቲ አድርሶኛል። የመጀመሪያ ቀን የለበስኩትን ዩኒፎርም የሰፋችልኝ እሷ ናት።

4. ጣቢያው ይሸጥ ወይስ የሕዝብ ሆኖ ይቀጥል በሚል ያዘጋጃችሁት የሕዝብ ውይይት በቀጥታ ሲተላለፍ አብረን ተመለከትን። ሰዎች ሲቆጡና ሲያጨበጭቡ አይታ ምን እንደሚባባሉ ጠየቀችኝ። የእኔ የምልክት ቋንቋ ከ«ብዪ» እና ከ«ተኚ» ብዙም አያልፍም፤ «ወደ ግል ይዞታ ማዛወር» በየትኛው ጣት እንደሚባል አላውቅም። ላብ እስኪያጠምቀኝ ታግዬ በመጨረሻ በእጄ አንድ ቤት ሠራሁና ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጠሁት። የማን ቤት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ ለኮሚቴው አስተላልፌአለሁ።

የሽያጭ ጠላት እንዳልመስልዎ፣ እኔ ራሴ ለዓመታት «ይሸጥ» ባይ ነበርኩ። አንድ ሪባን ሲቆረጥ አርባ ደቂቃ የሚያሳይ ጣቢያ ገዢ ከተገኘለት እሰየው እያልኩ ከባልደረቦቼ ጋር ተከራክሬአለሁ። ዛሬም ሪባኑንም መቀሱንም ለገዢው ምርቃት ብትጨምሩለት ቅር አይለኝም። የሳትኩት አንድ ነገር ነው፤ «የሕዝብ» የሚባለው ድርሻ በሙሉ መዳፍ በምታህል መስኮት ውስጥ ተጠቃሎ እንደነበር አላወቅሁም።

አንድ ነገር ከደበቅሁ ደግሞ ደብዳቤዬ ከመግለጫችሁ አይሻልም። ጠያቂያችሁ እኛም ቤት ደውላ ነበር፤ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። «እርስዎ የምልክት ቋንቋ ትርጉም ይጠቀማሉ?» አለችኝ። ለተጠየቅሁት ብቻ በልኩ መመለስ የቆየ አመሌ ነውና «እኔ አልጠቀምም» አልኳትና ዘጋሁት። እህቴ ያን ጊዜ ከእኔ ሁለት ክንድ ርቃ ቁልፍ እየተከለች ነበር። እንግዲህ በገጽ አሥራ አራት ካለው «አንድም» ውስጥ እኔም አለሁበት። ከዚያ ቀን ወዲህ በማን እንደምቆጣ በውል አላውቅም፤ አድራሻቸው የታወቀው እርስዎ ስለሆኑ ወደ እርስዎ ጻፍኩ።

ስለዚህ አስተርጓሚዋ ወደ ቦታዋ የምትመለስ መሆን አለመሆኑ፣ በገዢው ውል ውስጥም ይህ በግዴታ የሚሰፍር መሆን አለመሆኑ፣ ማኅተምና ፊርማ ባረፈበት ደብዳቤ እስከ ሰኔ 15 ቀን ድረስ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።

ለኮሚቴው ድካም፣ ለጥናቱ ጥልቀት፣ ከሁሉም በላይ ለዝምታችሁ ካለኝ የላቀ አክብሮት ጋር፣

የአንዲት ተመልካች ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቀኑን የቆረጥኩት በዘፈቀደ አይደለም። ለእህቴ ሴትዮዋ የዓመት ፈቃድ ወጥታ ነው፣ ሰኔ 15 ትመለሳለች ብዬ ዋሽቻታለሁ፤ በየማለዳው የቀን መቁጠሪያው ላይ አንድ ቀን ትሰርዛለች። ሴትዮዋን የማትመልሱ ከሆነ ቀጥሎ ምን እንደምላት ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ እኔ እስካሁን የዋሸሁት አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ በሙያው ገና ጀማሪ ነኝ።