አባት ያልፈረመላቸው

ሰኞ፣ መጋቢት 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

አርግዛለች። ሐያት! ከአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ መካከል ባዮሎጂን ከልቡ የሚወድ አንድ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች። ሁሉም ከወጡ በኋላ የክፍሉን በር ዘግታ፣ «ቲቸር፣ አይቆጡኝ» አለች። አልተቆጣሁም። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

ልጁ እዚያው ክፍል ነው፤ የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሻን ልጅ። «እኔ እኮ ወዲያው ባሕር ገብቼ ነበር» አለችኝ። ጨው ውኃ እርግዝና ይከለክላል ብለዋታል። ማነው ያለሽ? «ሴቶቹ ልጆች፤ የውኃ ታንከሩ ሥር።»

አምና የወላጅ ኮሚቴው፣ ስለ መራባት የሚያወራውን ምዕራፍ አባት የፈረመለት ብቻ ይማር ብሎ ወሰነ። ለወንድ ልጃቸው የፈረሙ ጥቂት ነበሩ። ለሴት ልጁ የፈረመ አንድም የለም። እኔ ውስጥ ለእነዚያ ጥቂት ወንዶች ሳስተምር፣ ሴቶቹ ውጭ የውኃ ታንከሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው እርስ በርሳቸው ተማማሩ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ አባቷ ናቸው፤ ባለሱቁ አቶ ሰይድ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ለእናቷ ነገረቻት። ጠዋት አባትየው ዳይሬክተሩ ዘንድ መጥተው አስወጧት። ባያስወጧትም ያው ነበር፤ ያረገዘች ትሰናበታለች ይላል ደንባችን። ልጁስ? «ስለ ወንዱ ደንቡ ምንም አይልም» አለኝ ዳይሬክተሩ፣ ላቡን እየጠረገ። ልጁ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። አንገቱን እንደደፋ ወጣ። ልሰድበው አስቤ ነበር፤ ሳየው አሳዘነኝ። ለሱም አልተፈረመለትም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

ሱቃቸው ሄድሁ። አቶ ሰይድ ጨርቅ እያጠፉ ቀና ሳይሉ፣ «ምን ቀረሽ እቴ?» አሉኝ። ቅዳሜ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ እህታቸው ዘንድ ትላካለች።

«እዚያ ትማራለች?»

ጨርቁን ማጠፍ ቀጠሉ።

ላያት ብል አልፈቀዱም። ሐኪም አይቷታል? ገና ልጅ ናት፣ ዳሌዋ እንኳ አልጠናም። አክስትየዋ ደግ ናት ክፉ? ነርስ መሆን ነበር የምትፈልገው። ምሳ አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7

አውሮፕላን ማረፊያ ሄድሁ። ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ ብዬ። እናትየዋ አዝናልኝ ዞር አለች።

ሐያት አቀፈችኝና ጆሮዬ ሥር፣ «ቲቸር፣ ሆዴን ቀደው ነው የሚያወጡት?» አለችኝ።

አምላኬ! ያን ሁሉ ወር ይህን ፍርሃት ብቻዋን ይዛው ኖራለች።

እዚያው ግድግዳ ተደግፈን፣ አውሮፕላኑ እስኪጠራ፣ በሹክሹክታ አስተማርኋት። ምጥ ምን እንደሆነ። ደም ካየች፣ እግሯ ካበጠ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት እንድትሄድ። ነጠላዋን እየጠመዘዘች ሰማችኝ፤ ያልገባትን ደግማ ጠየቀች፤ ልክ እንደ ክፍል ውስጥ። ገና ሳልጨርስ ተሳፋሪዎቹን ጠሩ።

እሑድ፣ መጋቢት 8

የወላጆች ስብሰባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አንዱ፣ ትምህርቱ ልጆቹን ያባልጋል አለ። ሌላው፣ እሺ ይሰጥ፣ ግን እንደ አምናው አባት ለፈቀደለት ብቻ አለ። ብዙዎቹ ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ። እኔ ተነሥቼ ተናገርሁ፤ ምን እንዳልሁ እንኳ አላስታውስም።

አቶ ሰይድ ተነሡ። ይመጣሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

«ፈቃዳችንን አትጠይቁን» አሉ። «እኔ ዛሬም ፈርም ብትሉኝ እጄ እሺ አይለኝም። ዝም ብላችሁ ለሁሉም አስተምሩ።»

ከዚያ ማንንም ሳያዩ ወጡ። ከነገ ጀምሮ ወንድም ሴትም ባንድ ላይ፣ ለሁሉም ግዴታ እንዲሆን ተወሰነ።

ሁለት ዓመት የለመንሁት ነገር ነው። ሲሆን ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስሁ። ነገ እዚያ ክፍል ገብቼ ከየት እንደምጀምር አላውቅም።