የሶልያና እናት የሆንኩበት ምክንያት

ለባለቤቴ ለታደሰ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። በሕይወት እያለህም ከበድ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ጋዜጣህን ታነሳ ነበር። መልስ ያለብኝ እኔ ነኝ። ከመሞትህ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ስልኬን አይተህ፣ «ልጅ የሌለሽ ሴት የእናቶች ግሩፕ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» ብለህ ሳቅክብኝ። እኔም ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ። ዛሬ ልንገርህ።

መጀመሪያ የቤት ወሬ። የካዛንቺሱ ግቢያችን ፈርሷል፤ የለቅሶ ድንኳንህ የተተከለበት ቦታ ለመንገድ ተቆፍሯል። ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበትኗል፣ እድሩም የቀረው ስሙ ነው። እኔ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቻለሁ። ሥራዬ ግን እዚያው መስቀል ፍላወር ያለው ፋርማሲ ነው፤ ታክሲ ያጣሁ ቀን በእግሬ እሄዳለሁ።

ግሩፑ ውስጥ ያስገባችኝ የፋርማሲው ደንበኛ ናት። የልጇ ትኩሳት አልወርድ ብሏት ስትጨነቅ ሽሮፑን በክብደቱ ልክ አስልቼ፣ እንዴት እንደምትሰጠው አስረድቼ ሸኘኋት። በማግስቱ ልታመሰግነኝ መጥታ፣ መቼም እናት ካልሆነ እንዲህ የሚያስረዳ የለም ብላ እዚያው ቆማ ቴሌግራሙ ላይ ጨመረችኝ። እዚያ ማንም በራሱ ስም አይጠራም፤ ሁሉም የእገሌ እናት ነው። የምታስተዳድረው፣ የኖላዊ እናት የሚሏት ሴት፣ የልጄን ስምና ዕድሜ ጠየቀችኝ። ልጅ የለኝም ብዬ መውጣት እችል ነበር። በተጋባን ዓመት አንተ የመረጥከውን ስም ጻፍኩ። ሶልያና፣ አራት ዓመት።

መዋሸቴን አላስተባብልም። ለምን እንደቆየሁ ግን ስማኝ። እህትህ አስቴር የወለደች ጊዜ፣ የገንፎው ዕለት፣ ሕፃኑን ልቀፈው ብዬ እጄን ስዘረጋ ፊቱን በነጠላ ሸፈነችብኝ። ዓይን እንዳይነካው ነው። የማን ዓይን እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ገብቶታል፤ አንተም በሩ ላይ ቆመህ አይተሃል። ግሩፑ ውስጥ የማንም ልጅ ፊት አይሸፈንብኝም። ሽፍታ ያወጣ ጉንጭ፣ ገና ብቅ ያለ ጥርስ፣ ልጁ ምን በልቶ እንደሆነ ያልታወቀ ዳይፐር ሳይቀር ፎቶ አንስተው፣ «የሶልያና እናት፣ እስኪ እዪልኝ» ይሉኛል። የማውቀውን እመልሳለሁ፤ የማላውቀውን ሐኪም ቤት ውሰጂው እላለሁ። ስለ ሶልያና እንኳ ብዙ አልዋሸሁም። አንድ ሁለቴ ጎመን አልበላ አለችኝ ብዬ አማርሬባታለሁ፣ ያው እናት መሆን ሲባል።

እዚያ የገባሁት መካን ስለሆንኩ አይደለም። ይህን ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። ከሰባት ዓመት በፊት የምርመራው ውጤት የወጣ ዕለት ሐኪሙ ችግሩ ያለው በአንተ በኩል መሆኑን ለሁለታችንም ነገረን። ስንመለስ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን፣ «በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አልከኝ። አሳዘንከኝና እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ አስቴር ጠበል ለጠበል አዞረችኝ፣ አክስትህ ሥር ቀቅለው አጠጡኝ፣ ዘመድ በመጣ ቁጥር ሆዴን እያዩ ከንፈር መጠጡልኝ። አንተም አብረህ ተቀምጠህ ታያለህ። «ዝም አይነቅዝም» ትል ነበር። ይነቅዛል፣ ታደሰ።

አንተ ስታርፍ እኔ አንድ ስሕተት ሠራሁ። ሐዘኑ አዙሮኝ ግሩፑ ላይ ባለቤቴ አረፈ ብዬ ጻፍኩ፤ የት ነሽ ሲሉኝም ድንኳኑ ያለበትን ነገርኳቸው። በእኛ አገር ለቅሶ የሰማ ሰው እንደማይቀር እንዴት እንደጠፋኝ አላውቅም። በሠልስትህ ዘጠኝ ሆነው መጡ። አብዛኞቹን ፊታቸውን አይቼ አላውቅም፤ አቅፈውኝ ከልባቸው አለቀሱ። አባቷ ለሞተባት ሕፃን ብለው ትንሽ ጥቁር ሹራብ ገዝተው ይዘዋል። የኖላዊ እናት አስቴር አጠገብ ተቀመጠችና ሶልያናን ማን ጋ እንዳስቀመጥናት ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

አስቴር ቀስ ማለት አታውቅም። «የምን ልጅ? ይቺ መቼ ወልዳ ታውቃለች? ወንድሜን ዘር ሳይተካ አፈር ያስገባችው እሷ አይደለችም?» አለች። እናትህ ፊት ለፊቴ ነበሩ፤ አንገታቸውን ደፉ። እኔም መሐላህ ይዞኝ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነስተው ወጡ። ሹራቡ ፍራሹ ላይ ቀረ።

ከሳምንት በኋላ እውነቱን ጻፍኩላቸው። ልጅ የለኝም፣ ሶልያና የምትባል ልጅ የለችም፣ ይቅር በሉኝ አልኩ። አንዳንዶቹ ሰደቡኝ። ልጅ ሳይኖርሽ የልጆቻችንን ፎቶ ስታዪ ከረምሽ ያለችም አለች፤ አልፈረድኩባትም። ግን ለብቻዬ የጻፉልኝም ነበሩ። አንዷ ልጇ በተወለደ በሦስተኛ ቀኑ ሞቶባት፣ ሰው ሁሉ እርሺው ሲላት፣ ዛሬ ዳዴ ይል ነበር፣ ዛሬ ይሄድ ነበር የምትልበት ቦታ አጥታ ነው የገባችው። ሌላዋ እንደ እኔ ልጅ ሳይኖራት የገባች ናት። ስለ ባሏ አልጻፈችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ሊያስወጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ የኖላዊ እናት የልጇን እግር ፎቶ ላከችልኝ፤ ቀይ ነጠብጣብ ወጥቶበታል፣ ምን ይሻለዋል ትላለች። እስካሁን እዚያው ነኝ።

ግቢው ሊፈርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው እናትህ ልብሶችህን ሊወስዱ መጡ። እያጣጠፍኩ ስሰጣቸው አልቻልኩም፣ መሐላውን አፍርሼ ነገርኳቸው። ይደነግጣሉ፣ ምናልባትም አቅፈው ይቅርታ ይሉኛል ብዬ ነበር። የያዙትን ሸሚዝ ጭናቸው ላይ አስተካክለው፣ «አውቃለሁ ልጄ፤ ያን ሰሞን ነግሮኛል። ለሴት ይቀላል ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉኝ።

ያን ቀን ሁለተኛ ሞትክብኝ። አስቴር ጠበል ይዛኝ ስትሄድ የጸሎት መጽሐፋቸውን የሚያውሱኝ እሳቸው ነበሩ፤ ለካ እያወቁ ነው። ምስጢርህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ፣ መሰደቤን እንደ ፍቅር ቆጥሬው፣ በልቤ እኮራበት ነበር። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው።

አልረሳህም። እወድህ ነበር፤ ዛሬም አልጋው ላይ በአንተ በኩል መተኛት አልቻልኩም። ሙት ዓመትህን እኔው እደግሳለሁ፣ ካህናቱንም እኔው እጠራለሁ። አስቴርም ትመጣለች፣ እንደ ልማዷ ዘር ሳይተካ እያለች ታለቅሳለች። አላቋርጣትም። ስትጨርስ፣ ሰው ሁሉ እንደተቀመጠ፣ ምክንያቱን እናቷን እንድትጠይቅ እነግራታለሁ።

ሚስትህ ሰብለ