መስቀሏን ማን ፋቀው

ማክሰኞ ጥቅምት 4፣ ጠዋት

ጉርድ ፎቶ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ጉርድ ፎቶ። ሰልፉ ከበር እስከ ደረጃው ደርሷል፤ መብራት ደግሞ ገና አልመጣም። በዚህ መሀል ሳሚ ከኤአይ ሥልጠናው ተመልሶ ከች። ባጁን አሁንም አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ተኝቶበትም ይሆናል።

ቦሌ ሆቴል ገብቶ ሦስት ቀን ምሳ በላና ታናሽ ወንድሜ ነቢይ ሆኖ መጣ። ፎቶ ቤታችን በኤአይ ካልሠራ ዓመት አይቆይም ይላል። አንዱ ያረጀ ፎቶ ያድሳል፣ አንዱ በቴሌግራም ለደንበኛ ይመልሳል፣ አንዱ ማስታወቂያ ይጽፋል። ለእኛ የሚሆነው የትኛው ነው ስለው ሁሉም አለኝ። በምን መረጥካቸው? አሠልጣኙ የሚጠቀምባቸው ናቸው። አሠልጣኙ ጉርድ ሾላ ፎቶ ቤት አለው ወይ? ባጁን አስተካከለ።

እትዬ፣ አንቺን እኮ ዘመን ጥሎሽ ሄዷል አለኝ። ጣቱን ከሌንሱ ላይ እንዲያነሳ ያስተማርኩት እኔ። እሺ፣ ይሞከር ብያለሁ። ግን አንድ በአንድ። ሰማ? አልሰማም።

ሐሙስ ጥቅምት 6

ደብተሬ፣ ዛሬ ቆሽቴ አርሯል።

አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ይዛ መጣች፤ የልደት ፎቶ። ካባና ዘውድ አላችሁ ተብዬ ነው የመጣሁት አለች። ማን አለሽ? ቴሌግራማችሁ። የሳሚ መልስ ሰጪ አዎ አለን፣ በሁሉም ልክ ብሏታል። እኛ ቤት ካባ ኖሮ አያውቅም። ወደ ኋላ እየሄድኩ አነበብኩት። ለጠየቀው ሁሉ አዎ ብሏል። ሠርግ በድሮን ትቀርጻላችሁ? አዎ። እሁድ ክፍት ናችሁ? አዎ። ሰው እንዲህ ቢያደርግ ውሸታም ይባላል። ይኼ ግን ቴክኖሎጂ ነው።

ልጅቷ አለቀሰች። ማዶ ካለው ፎቶ ቤት፣ በሕይወቴ ምንም ልለምናቸው ከማልፈልጋቸው ሰዎች፣ ካባ ለምኜ አመጣሁ። እየሳቁ ሰጡኝ። ሳሚ ማሽኑ ገና እየተማረ ነው ይለኛል። በእኔ ስም ላይ ነው የሚማረው?

መልስ ሰጪውን ዘጋሁት። ፎቶ የሚያድሰው ግን ይቆይ ብሎ ለመነኝ። ተውኩለት፤ ያው ወንድም ነው።

ሰኞ ጥቅምት 10

አቶ ገ/ሕይወት የሚባሉ ሽማግሌ ከየካ አባዶ ድረስ መጡ። ከጸሎት መጽሐፋቸው መሀል በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ፎቶ አወጡ። እናታቸው ናቸው። አምና ትግራይ አርፈው፣ አቶ ገ/ሕይወት ታመው ተኝተው ስለነበር ለቀብር አልደረሱም። ከዚህች ሌላ ፎቶ የላቸውም። እሁድ ሙት ዓመት ነው፤ ትልቅ ሆና በፍሬም እንድትቀመጥላቸው ፈልገዋል።

ፎቶዋ በመሀል ታጥፋ የእናትየው ጉንጭ ላይ ነጭ ስንጥቅ ወጥቷል። ስንጥቁን ብቻ እንጠግናለን፣ ሐሙስ ይምጡ አልኳቸው። ስካን አድርጌ ወዲያው መለስኩላቸው። ከእኔ ውጭ አድራ አታውቅም አሉና ደረት ኪሳቸው ከተቷት።

እኔ ነገና ከነገ ወዲያ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነኝ፣ ለፋብሪካ ሠራተኞች መታወቂያ ላነሳ። ሳሚን ስንጥቁን ብቻ፣ በእጅህ፣ ቀስ ብለህ አልኩት። እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ረቡዕ ጥቅምት 12፣ ማታ

ወገቤ። ቀኑን ሙሉ ቀና በይ፣ ጸጉርሽን ሰብስቢ፣ ቀጣይ። አንዷ ልጅ አሳምረሽ አንሺኝ፣ ለእማዬ እልክላታለሁ አለችኝ። ለመታወቂያ እኮ ነው። ሦስቴ አነሳኋት።

ሳሚ ደወለ። የአቶ ገ/ሕይወት ፎቶ አልቋል፣ ፍሬምም ገብቷል። በሻይ ሰዓት ጨረስኩት ይላል። ጎበዝ አልኩት፤ ደክሞኛል።

ሐሙስ ጥቅምት 13

በእስክሪብቶዬ ወረቀቱን እየወጋሁ ነው የምጽፈው። ንዴት ነው።

አቶ ገ/ሕይወት በቀጠሮአቸው መጡ። ሳሚ ሸፍኖ ያቆየውን ፍሬም ፊታቸው ገለጠው። እኔም ያየሁት ያኔ ነው። ቆዳዋ የዜና አንባቢ ቆዳ። ዝግ የነበረው አፍ ጥርስ አውጥቶ ይስቃል። ግንባሩ ባዶ፣ አንገቱ ባዶ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከደረት ኪሳቸው ትንሿን ፎቶ አውጥተው ከጎኗ አስቀመጧት።

«ልጄ፣ ይቺ ቆንጆ ሴት ናት» አሉ። «እናቴ ግን አይደለችም። መስቀሏን ማን ፋቀው?»

እናታቸው ግንባራቸው ላይ የተነቀሱት መስቀል፣ አንገታቸውን የከበበው ንቅሳት። ማሽኑ ቆሻሻ መስሎት ከስንጥቁ ጋር አጥቦታል። በእጅህ ብዬው ወደዚያ ፎቶ አዳሽ መሣሪያ ወርውሮ አንድ ቁልፍ ተጭኗል።

ሳሚ ችግር የለም አባባ፣ አሁኑኑ ይመለሳል አለና ለማሽኑ ትእዛዝ መጻፍ ጀመረ። መጀመሪያ የመጣው መስቀል ወርቅ የተቀባ ነው። ሁለተኛው ሐብል ላይ ተንጠለጠለ። ሦስተኛው ግንባር ላይ ቢያርፍም በማስመሪያ የተሰመረ ነው። አቶ ገ/ሕይወት አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው ነገሩን። እናታቸው ትንሽ ልጅ ሳሉ አንዲት ጎረቤት ነቀሰቻቸው፤ ጭንቅላታቸውን አያትየዋ ይዘውላት ነበር። ሲንፈራገጡ የመስቀሉ አንድ ክንድ ተጣሞ ወጣ። ዕድሜ ልካቸውን ሲምሉ ጣታቸውን የሚያሳርፉት እሱ ላይ ነበር። እኔ የማውቃት ጠማማዋን ነው አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። ቅዳሜ ጠዋት በእኔ እጅ ተሠርታ ትደርስልዎታለች ብዬ ሸኘኋቸው።

ከዚያ በሳሚ ላይ ጮህኩ። ቆሻሻ ነው ብሎ ለማሽኑ ማን ነገረው? እዚህ ቤት ከሚገቡት እናቶች ስንቶቹ ናቸው ግንባራቸው ላይ መስቀል ያላቸው? በዓለም አንደኛ የተባለ እኮ ነው አለኝ። የማን ዓለም? የእማዬን አንገት ረሳኸው ወይ አልኩት። የእኛም እናት የተነቀሰች ናት። ሳሚ ሕፃን ሆኖ እንቅልፍ የሚወስደው መስመሮቹን በጣቱ እየተከተለ ነበር። ባጁን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

አርብ ጥቅምት 14

ቀኑን ሙሉ ስንጥቁ ላይ። ጉንጩ ላይ ያለችው መጨማደድ የማን እንደሆነች፣ የወረቀቱ ወይስ የእሳቸው፣ እያጎላሁ አያለሁ። የእሳቸው ከሆነች አልነካትም።

ሳሚ ማንም ሳያዘው የእማዬን ፎቶ አምጥቶ ለመሣሪያዎቹ ሁሉ ሰጠ። ሥልጠና ላይ ያልተነሱትንም ፈልጎ። አንዱ እማዬን ፈረንጅ አስመሰላት። ሁለተኛው አንገቷን አጠበው። ሦስተኛው በሃያ ዓመት አሳነሳት። ይቺን በስልኩ ይዞ ሄዶ ለራሷ ለእማዬ አሳያት። እማዬ ስልኩን አራቅ አድርጋ አይታ ማናት፣ ለአንተ ልናጭልህ ነው ወይ አለችው። እሷ እስኪያማት ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ሲነግረኝም ፊቱ ቀልቶ ነበር።

አራተኛው ስሙ ያልተወራለት ነው። የተበላሸውን ቦታ ራስህ ክብ ታሰምርበታለህ፣ ያን ብቻ ይሞላል፣ ከክቡ አይወጣም። የእማዬ አንገት እንዳለ ተመለሰ። ሳሚ እንደ ወትሮው ዘመን ጥሎሽ ሄዷል አላለኝም። እዪ፣ እትዬ አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ቅዳሜ ጥቅምት 15

አቶ ገ/ሕይወት ፍሬሙን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ፣ ጠማማዋ ክንድ ላይ አሳረፉ።

«መጣች» አሉ።

እኔ ካሜራ የማጸዳ መስዬ ዞርኩ። ሳሚ በር ድረስ ተሸክሞላቸው ወጣ፤ ታክሲ ውስጥም አስገብቷቸው ይቅርታ ጠይቋል። ነገ ሁለታችሁም እንዳትቀሩ ብለውታል።

ሰኞ ጥቅምት 17፣ ከሰዓት

ትናንት ለሙት ዓመቱ የካ አባዶ ሄድን። ከአገር ቤት የመጡ አንዲት አሮጊት ከበሩ ሳያልፉ ፎቶዋን አይተው በስሟ ጠርተው አለቀሱ። ሳሚ ደረጃው ላይ ወጥቶ ቆመ።

ዛሬ ቁጭ ብለን ጨረስነው። የአሠልጣኙ መሣሪያ ተሰረዘ። አራተኛው ለስንጥቅና ለእድፍ ብቻ፤ ፊት አይነካም። ማስታወቂያውን ማሽኑ ይጻፍ፣ እኔ ሳላነብ ግን አይወጣም። ቴሌግራሙን ሳሚ ራሱ ይመልስ፤ ካባ የለንም ማለት ይልመድ። ከእንግዲህ የሚመጣ መሣሪያ ሁሉ መጀመሪያ በእማዬ አንገት ይፈተናል። ሐሳቡ የሳሚ ነው።

ይኼን እየጻፍኩ አንዲት ልጅ ገባች። ለሠርግ አልበሟ የእናቷን ፎቶ ይዛለች። ንቅሳቱን አጥፉልኝ፣ አማቶቼ ያዩታል አለች። ደሜ ፈላ፤ አፌን ስከፍት ሳሚ ቀደመኝ። አልተቆጣም።

«እናትሽን ጠየቅሻቸው?» አላት።

ልጅቷ ፎቶዋን አየች። ስልኳን አውጥታ ለእናቷ እየደወለች ወደ በር ወጣች። እስካሁን እያወራች ነው፤ መጀመሪያ ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር፣ አሁን አይሰማም። ግንባሯን የበሩ መስታወት ላይ አስደግፋለች። እያለቀሰች ነው መሰለኝ፣ ወይም እየሳቀች። እየገባች ነው፣ ቆይ ልነሳ